ሽባባውና የወይራው ዱላ

ሰው በሞቅታ ሹመት ሊቀበል ሲቸኩል ወይም ከአቅሙ በላይ መሬት ሊያርስ ሲዋዋል፣ ሽማግሌዎች ስለ ዱላ አንዲት ነገር ጣል ያደርጋሉ። ዱላ እዚህ ምን አገባው የሚል ካለ፣ የላይ ሰፈሩን የሽባባውን ጉድ አልሰማም ማለት ነው።

ሽባባው በገና ጨዋታ ጀማሪም አይባል፣ አዋቂም አይባል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከኋላ ቆሞ ያመለጠች እሩር ሲመልስ ኖሯል። በዚያ ዓመት ግን የላይ ሰፈር አለቃ ከፊት አሰለፈው። «ካልሆነልህ ወደ ኋላህ ትመለሳለህ» ብሎታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሽባባው እንቅልፍ አጣ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው በማለዳ አያ ጓንጉል ቤት ደረሰ። አያ ጓንጉል በጉብዝናቸው ስመ ጥር ተጫዋች ነበሩ፤ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ለጎረምሶች የገና ዱላ መቁረጥ ያዙ። ግድግዳው ላይ ሁለት ዱላ ተደግፏል። አንዱ ቀጠን ያለ ክትክታ ነው፤ ሌላው ቆልማማ ጫፉ ጡጫ የሚያህል ወይራ።

ሽባባው ክትክታውን ዞር ብሎም አላየው። ወይራውን አንስቶ ቢወዘውዘው አየሩ ሹው አለ።

«ይኸ ነው የእኔ።»

«ማታ ከአውድማ ስትመለስ ናና ያዘው» አሉት አያ ጓንጉል።

«እስከ ማታ ሌላ ሰው ቢወስደውስ፣ አያ?»

«ይውሰደዋ።»

«የለም፣ አሁን ይስጡኝ። ገና ባለፈ በማግስቱ ውቂያዎን ሳግዝዎት እውላለሁ።»

ሽማግሌው ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ሙሉ ቀን?»

«ሙሉ ቀን።»

«ውሰድ እንግዲህ።»

የገና ዕለት ሽባባው መጀመሪያ ላይ ጉድ አሰኘ። እሩሯን አንዴ ቢመታት የሜዳውን ግማሽ አለፈች፤ ሴቶቹ እልል አሉለት። እሱም በልቡ ከአለቃው ጎን ተቀምጦ ጠላውን መጠጣት ጀምሯል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ዱላው የከበደ መሰለው። ዱላውስ ያው ነው፤ የዛለው ክንዱ ነው።

ሁለቱ ሰፈሮች እኩል እንደሆኑ ጨዋታው ሊያበቃ ሲል፣ እሩሯ ተንከባላ እግሩ ሥር መጣች። የታች ሰፈር ድንበር ከፊቱ ባዶውን ተዘርግቷል። ሽባባው ወይራውን እንደምንም ወደ ላይ አነሣ። ዱላው እስኪወርድ አንድ የታች ሰፈር ጎረምሳ እሩሯን ጨልፎ ወሰዳት፤ በዚያው እየነዳ የላይ ሰፈርን ድንበር አሻገራት። ወይራው መሬቱን መትቶ አቧራ አስነሣ።

ታች ሰፈሮች ለግጥም አልዘገዩም፦

ሽባባው ዱላውን ተሸክሞ ዋለ፣
እሩሯ ስታልፍ «ማን ነሽ አንቺ?» አለ።

በገና ጨዋታ ጌታም አይቆጣ፣ ሽባባውም አልተቆጣም። ማፈሩን ግን አፈረ። አለቃው «ለከርሞ ከኋላ» ብሎት አለፈ።

በማግስቱ ቃሉን ሊሞላ ወይራውን ይዞ ሄዶ፣ የአያ ጓንጉልን ጤፍ ሲወቃ ዋለ። ማታ ክንዱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ሳለ ሽማግሌው ሁለቱን ዱላ አመጡለት።

«እስቲ አንሣ።»

ወይራው ከጉልበቱ በላይ አልሄድ አለ። ክትክታው ግን እጁ ላይ እንደገባ ሳያስበው ተወዘወዘ።

«አያ፣ ይህን እያወቁ ያኔ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ማታ ና አልኩህ እኮ» አሉና ክትክታውን እንደያዘው ተዉለት። «አለቃህን እኔ አናግረዋለሁ፤ አንተ ብቻ ለከርሞ ይህን አትርሳ፦ ዱላ በጠዋት ክንድ አይመረጥም።»