አርባ እግር ያለበት ቅጠል

ኑ፣ ጠጋ በሉ፤ ቆመው የሚሰሙት ነገር አይደለም። ጥቁር ዋንዛ የሚባል ዱር ነበረ። ዱር ስላችሁ ዛፍና ሣር ብቻ አይምሰላችሁ፤ ሥርዓት ያለው አገር ነው። ከላይ አንበሳ አለ። ከአንበሳው ሥር አማቾቹና የሥጋ ዘመዶቹ አሉ። ከእነሱ ሥር በረኛው አያ ጅቦ አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሣር ነጪው፣ ሥር ቆፋሪው፣ ቅጠል ቀንጣቢው ነው፤ ስሙ ብዙ ነው፣ ግብሩ ግን አንድ ነው፤ መበላት። እሱም ቢሆን ዝም ብሎ አይበላም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አያ ጅቦ ከጉድጓዱ ብቅ በሚልባት ሰዓት፣ ሁሉም አራት እግሩን ተክሎ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ይቆማል። ነገን የሚያያት በዚህች ሰዓት ያልተዘናጋ ብቻ ነው።

የዱሩ ሀብት ሆራው ነበር፤ ከድንጋይ ሥር እየፈላ የሚወጣ፣ ጨው ጨው የሚል ውሃ። በወር አንድ ቀን ሁሉም ይወርድና ይጠጣል። በሆራው ዳር መባላት ነውር ነው፤ አንበሳ እንኳ እዚያ ጥፍሩን ሰብስቦ ነው የሚቀመጥ። የወለደች እናት ሆራ ካልጠጣች ጡቷ ይነጥፋል። ይኼን ሊቅ አልነገራቸውም፤ ጡታቸው ነው የነገራቸው።

ወሬ የሚነገረው ደግሞ ከትልቁ ዋርካ ላይ ነው፤ ነጋሪው አያ ቁራ ነበር። በአያቱ ጊዜ «ቁራ ያልረገጠውን አይጮህም» የሚል ሕግ ነበረ። እሳት ተነሣ ካሉት ሄዶ አመዱን ይረግጣል፤ ወንዝ ሞላ ካሉት ሄዶ እግሩን ይነክራል፤ ከዚያ ተመልሶ ይጮሃል። ግን እርኩም ከማዶ ግራር ላይ ሌላ የወሬ ቤት ከፈተች። እርኩም ሳትረግጥ ትጮህ ነበርና ሁልጊዜ ትቀድማለች። አያ ቁራም ሁለት ሦስቴ ተቀደመና መርገጡን ተወ።

እንግዲህ አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ሆራው ሳሳ። የአንበሳው አማቾች «ይኼ ሁሉ ግሪሳ እየጠጣው እኛ ምን ይተርፈናል?» አሉ። አንበሳው «እንከልክል ብንል ሁከት ይነሣል» አለ። ይኼኔ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታዬ፣ መከልከል የድሮ ነገር ነው። ራሳቸው እንዲፈሩት ማድረግ ነው እንጂ።»

በሳምንቱ ቀበሮ አንድ ሰፊ የኮባ ቅጠል ይዞ ዋርካው ሥር መጣ። ቅጠሉ ላይ በጭቃ የታተመ የእግር ምልክት ሞልቶበታል። ጥናት ይባላል አለ፤ የተጠናበት እንስሳ ሁሉ እግሩን አትሞበታል፤ አርባ ነው። አያ ቁራ ቆጠረ። እውነትም አርባ ነው። እርኩም ሳትሰማ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ፦

«ጥናት! ጥናት! ዘንድሮ ሆራ የጠጣ አጥንቱ ይሟሟል! በሰባት ቀን ይወድቃል! በአርባ እንስሳ ላይ ተረጋግጧል! የጌታው ዘመዶች አጥንታቸው ወፍራም ስለሆነ አይጎዳቸውም!»

የመጠጫው ቀን ሲደርስ ሆራው ዳር ከአማቾቹና ለጥበቃ ከቆመው ከአያ ጅቦ በቀር ማንም አልነበረም።

በዚያ ዱር አንዲት እመት ሚዳቋ የምትባል አሮጊት ነበረች። ሚዳቋ ድሮም ስትፈጠር ተጠራጥራ ነው የተፈጠረች፤ ቅጠል ሲወድቅ «ማን ጣለው?» ትላለች። የዚያን ሰሞን ልጇ አዝመራ ወልዳ ነበር። የልጅ ልጇን ጠልዬ አሏት፤ ጠዋት ጠል ላይ ስለወደቀች። ጠልዬ በተወለደች በአሥረኛው ቀን የእናቷ ጡት ሳሳ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ግልገሏ ጠብታ ለመነች፣ ጡት ጎተተች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ጎተተች። እመት ሚዳቋ ይኼን አይታ ወደ አዝመራ ዞረች።

«ሆራ ያስፈልግሻል» አለቻት ልጇን።

«አጥንቴ ቢሟሟስ፣ እማ? ጠልዬን ማን ያሳድጋታል?»

 እመት ሚዳቋ ልትጠይቅ ወጣች። ከርከሮን «ከአርባዎቹ አንዱ አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ እንኳ አይደለሁም። የአጎቴ ልጆች ይሆናሉ።»

የአጎቱ ልጆች ደግሞ «እኛ አይደለንም፤ ዝንጀሮዎች ይሆናሉ» አሉ። ዝንጀሮዎቹ ዝሆንን ጠቆሙ። ዝሆን «የኔ እግር እኮ እዚያ ቅጠል ላይ አይበቃም፣ እመት» አላት። ዱሩን ስትዞር ዋለች፤ ሁሉም አምኗል፣ ማንም ግን አልተጠናም።

ዋርካው ሥር ሄዳ የተሰቀለውን ቅጠል ትክ ብላ አየችው። አንዱን እግር አየች፤ ሦስተኛው ጣት ጥፍር የለውም። ሁለተኛውንም አየች፤ ሦስተኛው ጣት ጥፍር የለውም። አርባውንም አየች። ቀበሮ በልጅነቱ ወጥመድ ይዞት ሦስተኛ ጥፍሩን ጥሎ ማምለጡን የማያውቅ የለም።

«አያ ቁራ!» አለች ወደ ላይ። «እነዚህ አርባ እግሮች ሁሉም አንድ ጥፍር ጎድሏቸዋል!»

አያ ቁራ አንገቱን አሰገገ፤ አየ፤ ክንፉን መታ። «እንዴት ሳላየው ቀረሁ!» አለ። እሷም እፎይ ልትል ስትል እሱ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ወጥቶ ጮኸ፦ «አዲስ ወሬ! አዲስ ወሬ! ሆራ ጥፍርም ያወልቃል! አርባውም እንስሳ ጥፍራቸው ወልቋል!»

እመት ሚዳቋ አፏን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሦስት ቀን ስታስብ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ልጇን ጠራቻት።

«እሾህን በሾህ ነው፣ አዝመራ። ከቀበሮው የባሰ የጅል ጥናት እሠራለሁ። ያንን የሰማ ቁራ ይወርዳል፣ ይጠይቃል፤ ካልጠየቀም በሸንጎ ፊት አጋልጠዋለሁ። ያኔ የሆራውም ውሸት አብሮ ይወድቃል።»

«እማ፣ ውሸት እግር ካወጣ በኋላ ማን ይመልሰዋል?»

«እኔ ያወጣሁት እግር ነው፤ እኔው እመልሰዋለሁ።»

ኮባ ቆረጠች፤ ጭቃ ረገጠች፤ በአንድ ሸኾናዋ ስልሳ ጊዜ አተመች። የጥናቱን ቃል ስትመርጥም ሆን ብላ ቆቅ እንኳ የሚስቅበትን መረጠች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆም እንስሳ ዕድሜው በእጥፍ ይረዝማል! ጅብ ባለበት አገር፣ በዚያች ሰዓት፣ ዓይን ጨፍኖ! ይኼን የሚያምን ፍጡር አለ ብላ አላሰበችም።

«ከወንዝ ማዶ ያሉ ሊቃውንት ላኩኝ» አለችው አያ ቁራን።

የትኞቹ ሊቃውንት? ስማቸው ማን ነው? አንቺ ዋና ትችያለሽ ወይ? ይኼን ሁሉ አልጠየቃትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ስንት እግር ነው?»

«ስልሳ።»

«ስልሳ! የቀበሮው እኮ አርባ ነበር!» አለና ጮኸው። እርኩም ከማዶ ሰምታ ሰማንያ ነው ብላ ጮኸች።

በዚያው ቀን ማታ ዱሩ ሁሉ አንድ እግሩን አነሣ። ዝሆን አንሥቶ የከርከሮ ቤት ላይ ወደቀ። ዝንጀሮ ሁለት እግሩን አንሥቶ «እኔ አራት እጥፍ እኖራለሁ» አለ። አንበሳው እንኳ ከዋሻው ኋላ ተደብቆ ሞክሯል ይባላል። እመት ሚዳቋ ከዚያ ሁሉ ጭንቀት በኋላ ያን ቀን ሳቀች። ሳቋ ግን ረዥም አልነበረም፤ ጠልዬ እየከሳች ነበር።

የወሩ ሸንጎ ዋርካው ሥር ተቀመጠ። እመት ሚዳቋ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ ወገኖቼ፣ ስሙኝ። ስልሳ እግር ያለበት ቅጠል የኔ ነው። የማዶ ሊቅ የለም። ስልሳውም ይኼ ነው» ብላ ሸኾናዋን ምልክቱ ላይ ገጠመችው፤ ልክ ሆነ። «ማንም አልጠየቀኝም። የሆራውንም ቅጠል አምጡትና የቀበሮን እግር ግጠሙበት። አርባውም እሱ ነው።»

 ሁሉም የቀበሮን እግር አየ። ቀበሮ ግን እግሩን ሥሩ አጥፎ ተቀምጦ ነበር፤ ፈገግ አለ።

«ወገኖች» አለ፣ «እመት ሚዳቋ ውሸታም መሆኗን ራሷ ነገረችን። ጥሩ ነው፤ እናመሰግናታለን። እንግዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ውሸታም ስለኔ የተናገረውን ማን ያምናል?»

«አያ ቁራ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለችው እሷ።

አያ ቁራ ላባውን አስተካከለ። «እኔ የመጣልኝን ነው የጮኽኩት። በተጮኸበት ሰዓት እውነት ነበር።»

ከርከሮም ከኋላ ብድግ አለ፦ «እኔስ ማን እንዳተመው አላውቅም፤ አንድ እግሬን ማንሣት ከጀመርኩ ወዲህ ጉልበቴን ተሽሎኛል!» ብዙዎች «እኔንም!» አሉ።

አንበሳው ግራ ቀኙን አይቶ ፈረደ። «ነገሩ ከባድ ነው። ስለዚህ ይጠና። አጥኚውም ልምድ ያለው ይሁን፤ ቀበሮ።»

ሸንጎው ተበተነ። እመት ሚዳቋ ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ልጇንና ጠልዬን አስከትላ ቀጥ ብላ ወደ ሆራው ወረደች። አያ ጅቦ መንገዱን ዘጋባት።

«ወዴት፣ አሮጊቷ?»

«ልንጠጣ ነዋ፣ አያ ጅቦ። ጥናቱ እውነት ከሆነ በሰባት ቀን እንወድቃለን። ሳትሮጥ፣ ሳትደክም፣ ሁለት ሚዳቋ ከነግልገሏ። ውሸት ከሆነ ደግሞ አንተ ምን ትጎዳለህ?»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ሰባት ቀን ብቻ?»

«ሰባት ብቻ።»

«ጠጡ፣ ጠጡ! ደኅና አድርጋችሁ ጠጡ!» አለና ዞር አለላቸው። ከዚያ በኋላ ሰባት ቀን ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ መቼ ይወድቃሉ እያለ ኋላ ኋላቸው ዋለ።

አልወደቁም። በሦስተኛው ቀን የአዝመራ ጡት ሞላ። በአምስተኛው ቀን ጠልዬ ዘለለች። ይኼን ያዩት ሁሉ ምንም አላሉም፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሌላ ቦታ የሚሄዱ መስለው፣ አንድ በአንድ ወደ ሆራው መውረድ ጀመሩ። የሚገርመው አያ ጅቦ ነው፤ በስምንተኛው ቀን የሆራውን ጥበቃ ትቶ ሄደ። «ይጠጡ፣ ምን አገባኝ» አለ።

እንስሳቱ እልል አሉ። «ተሸነፈ!» አሉ። እመት ሚዳቋ ግን እልል አላለችም። ጅብ በነጻ ምን ይሰጣል? ለምን ደስ አለው? ለምን ወፈረ?

በዚያ ሳምንት ከርከሮ ጠፋ። ቀጥሎ አንድ ዝንጀሮ፤ ቀጥሎ የድኩላ ሁለት ልጆች። ሩጫ አልተሰማ፣ ጩኸት አልተሰማ። እመት ሚዳቋ የጠፉበትን ቦታ እየዞረች ረገጠችው። ከርከሮ በነበረበት መሬት ላይ የሦስት እግር ምልክት ብቻ ነበር። ዝንጀሮውም እንዲሁ። ያኔ ገባት። ለካ አያ ጅቦ ሰባት ቀን ሲከተላቸው፣ ሰባት ማታ ያየው ሌላ ነገር ነበር።

ዋርካው ሥር ደረሰች፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«አያ ቁራ፣ በእናትህ፣ ጩህልኝ! እግር ማንሣቱ ውሸት ነው በል! ዓይናችሁን ግለጡ በል! አያ ጅቦ እየለቀማቸው ነው!»

አያ ቁራ በአዘኔታ ቁልቁል አያት።

«ስንት እግር ይዘሻል?»

«እ?»

«ምስክር ነዋ፣ እመት። ስንት እግር ታትሞበታል?»

«የኔ ብቻ። አንድ።»

«አይ» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «አንድ እግር እንዴት ጥናት ይሆናል?»

ወደ ቤቷ ስትሮጥ ፀሐይ ጋራው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። በየመንገዱ ድኩላው፣ ዝንጀሮው፣ የከርከሮ ሚስት፣ ሁሉም አንድ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ መልሶ ቆሟል። «ግለጡ!» እያለች በግንባሯ እየገፋች አለፈች። ተንገዳገዱ፤ ተቆጡ፤ እንደገና አነሡ።

አዝመራ ሣር ፍለጋ ወርዳለች። ጠልዬ ቁጥቋጦው ዳር ብቻዋን ቆማለች፤ ወተት ጠግባ ሆዷ ተነፍቷል። ያቺ ቀጭን የፊት እግሯ ከመሬት ተነሥታለች። ዓይኗ ተጨፍኗል።

«ጠልዬ! እግርሽን አውርጂ! እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ ልጄ፣ እኔው አያትሽ!»

ጠልዬ ዓይኗን ሳትገልጥ ሳቀች።

«አያ ቁራ ተናግሯል እኮ፣ እማማ። ስልሳ ናቸው።»

ከቁጥቋጦው ማዶ ሣሩ ነፋስ ሳይኖር ተላወሰ። እመት ሚዳቋ አራት እግሯን ተክላ፣ ጆሮዋን አቁማ፣ ዓይኗን አፍጥጣ በግልገሏና በሣሩ መካከል ቆመች። በዚያ ሁሉ ዱር ውስጥ ዓይናቸውን የገለጡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እሷና ሣሩ ውስጥ ያለው።

እኔ ተረቴን እዚህ አስቀመጥኩት። የሚያነሣው ሰው ግን መጀመሪያ ይገልብጠው፤ የማን እግር እንዳለበት ይይ።