ከግድቡ ሥር የተጣለው ዳስ

እኛ አገር ላዩን ብቻ አይቶ ለሚኩራራ ሰው የሚወረወር አንድ አባባል አለ። ከሜዳ የተገኘ አይምሰላችሁ፤ አቶ ልየው ልጃቸውን በዳሩበት ዕለት የተወለደ ነው።

አቶ ልየው ከቤታቸው በታች የሚወርደውን ጅረት በአፈር ገድበው ትንሽ ሐይቅ አበጁ። ጀልባ አስገቡበት፣ ዳር ዳሩን ዛፍ ተከሉበት፤ የከተማው ሰው ቅዳሜና እሁድ እየመጣ ይዝናናበታል። የግድብ ደህንነት የምትመረምር ፋንታነሽ የምትባል ኢንጂነር መጥታ አየችው። ከሥሩ ከሣር በቀር ምንም ስላልነበረ የአደጋ ደረጃው «ዝቅተኛ» ነው አለች። ከግርጌው ውሃ እንደሚያዣም አሳይታ ቶሎ ይጠገን ብላ አስጠነቀቀች። እሳቸው ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰሙት «ዝቅተኛ» የምትለዋን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቆማቸው! ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ ግድቤ አይፈርስም፣ መንግሥት መስክሮልኛል እያሉ ጉራቸውን ይነዙ ጀመር።

ልጃቸው እንጉዳይ ልትዳር ሆነና የዳስ ቦታ ተፈለገ። ወሩ ጥር ነው፤ ሌላው ሜዳ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ከግድቡ ሥር ያለው ሣር ለምለም ነው። ያለመለመው የሚያዣው ውሃ መሆኑን ማን ልብ ይበል? ዳሱ እዚያው ተጣለ። ኢንጂነሯ ወሬውን ሰምታ በዋዜማው መጣች።

«አቶ ልየው፣ ዝቅተኛ ማለት እኮ ግድቡ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። ቢፈርስ የሚጎዳው ሰው የለም ማለት ነው። ነገ ሰው ካስቀመጡበት አደጋው ከፍተኛ ሆነ» አለቻቸው።

«ግድቡ ያው ግድብ ነው። በአንድ ቀን ምን ተለወጠ?» አሉና ነገ መጥተሽ ብይ፣ ጠጪ ብለው ሸኟት።

ያን ሌሊት ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሲያወርደው አድሮ ሐይቁ ጢም ብሎ ሞላ።

በማግስቱ ሙሽራው ሚዜዎቹን ይዞ ከላይ መንገዱ ላይ ብቅ ሲል፣ የሙሽሪት ወገን እንደ ወጉ በር ይዞ አናስገባም ሊል ከዳሱ ግልብጥ ብሎ ወደ መንገዱ ወጣ። አቶ ልየውም እንጉዳይን ከወንበሯ ላይ ትተዋት ወጡ። ጭብጨባው ሲደምቅ ከኋላቸው መሬት የሚያናውጥ ድምፅ መጣ። ዘወር ቢሉ ግድቡ ከወገቡ ተቀዷል። ዳሱም፣ አግዳሚውም፣ የሙሽሪት ወንበርም በድፍርስ ውሃ እየተገለባበጠ ሲሄድ አዩ።

«ልጄን ገደልኳት» አሉ አቶ ልየው። እልል ሲሉ የነበሩት ሴቶች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ያኔ ከሴቶቹ መሐል ነጠላ የተከናነበች ልጅ ወጣች። እንጉዳይ ናት! ሙሽራ ደጅ መውጣቷ ነውር ቢሆንም፣ የባሏን አመጣጥ ሰርቃ ልታይ ሾልካ ወጥታ ኖሯል። አባቷ ፊቷን ዳሰሱ፣ እጇን ዳሰሱ፤ ዓይናቸውን አላመኑም። «ዝቅተኛ ነው ብላኝ ነበር እኮ፣ ዝቅተኛ ነው ብላኝ ነበር» ይላሉ።

ከሙሽራው ጋር የመጡት አያቱ እማማ ዝማም ዳሱ የነበረበትን ጭቃ ቁልቁል ሲያዩ ቆዩና፣ «ልየው ልጄ፣ ግድብ ቢያምር ከላዩ፣ ከሥሩ ያለውን እዩ» አሏቸው።