በጥር የተጻፈ ምክር

መልካ ማለት ወንዝ ሰውን የሚያሳልፍበት ቦታ ነው። ሰው ወንዝን የሚያልፍበት ነው የሚሉም አሉ፤ እነሱ ያዩት በበጋ ነው።

ይህን የሚሉት ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ገላጋይ ናቸው። የቀድሞ ተማሪያቸው ምንትዋብ የአእምሮ ሕመም ካደረባት ሰንብቷል። አንድ ቀን መጽሐፍ በደረቷ ታቅፋ መጣች።

«መምህር፣ ሰው ሁሉ በዚህ መጽሐፍ ተለወጠ። ‹ፈገግ በል፣ በሐሳብህ እዘዝ› ይላል። እኔ ግን ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። በሐሳቤ ልዘዝ ብዬ መድኃኒቱንም ሐኪሙንም ትቻለሁ። ልቤ ሰነፍ ሆኖ ይሆን?»

መምህሩ በተረት መለሱላት።

አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ ከወንዝ ማዶ ነው። ስለ መሻገር የተጻፈ መጽሐፍ ነበረው። መጽሐፉ «ነጩን ድንጋይ ርገጥ፤ ወደ ታች አትይ፤ አትፍራ» ይላል። ውሸት የለበትም፤ ብዙዎች በዚሁ ምክር ጫማቸውን አንጠልጥለው ተሻግረዋል። ብቻ ጸሐፊው የተሻገረው በጥር ነበር። ሰውየው የደረሰው በነሐሴ ነው።

ወንዙ ደፍርሶ ያጓራል። በዚያ አገር ክረምት ሲገባ ዋናተኞች ገመድ ይዘው ዳር ይቀመጣሉ፤ መንገደኛ ያሻግራሉ። ሰውየው እነሱን መጥራት አሳፈረው። ገባ። ውኃው ወገቡን ያዘው።

«ድንጋዩ የታል?» ብሎ ጮኸ።

በበጋ የተሻገሩት ከዳር ሆነው፣ «እዚያው ነው! የጎደለህ እምነት ነው!» አሉት።

ውኃው ደረቱ ላይ ደረሰ። እግሩ መሬት ለቀቀ። አንድ እጁ ግን መጽሐፉን ሽቅብ ይዟል፤ እንዳይረጥብ።

አንዱ ዋናተኛ ገመድ ወረወረለት። «ያዝ!»

በአንድ እጁ ያዘ፤ አመለጠው።

«በሁለት እጅህ፣ አንተ ሰው! ወይ እሱን ወይ ነፍስህን!»

መምህር ገላጋይ እዚህ ላይ ወደ ምንትዋብ ዞሩ። «ልጄ፣ ጸሐፊው አልዋሸሽም፤ አንቺም ሰነፍ አይደለሽም። ወንዝሽ ነሐሴ ላይ ነው። ሐኪምሽ ገመድ ይዞ ዳር ተቀምጧል። ውኃው ሲጎድል ነጩ ድንጋይ ይታይሻል፤ ያን ጊዜ ምክሩም ይጠቅምሻል።»

«ብቻዬን መሄድ እፈራለሁ።»

«ብቻሽን ሂጂ ያለሽ ማነው?» ኮታቸውን ከወንበሩ አነሡ።

ምንትዋብ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትታ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ሰውየውስ?»

«ሰውየው ተሻገረ» አሉ መምህሩ። «መጽሐፉ ሱዳን ገባ።»