የቄስ መውጫ

ከግራር ውሃ የመጡት ቤተ እስራኤላውያን ዛሬ በሰፈሩባት፣ በእስራኤል አገር በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ የሰንበት ጸሎት ሲያበቃ ሌላ ቦታ የማይታይ ነገር ይታያል። በግዕዙ ጸሎት መጨረሻ ሁሉም «አሜን» ካለ በኋላ ቄሱ ሕዝቡን እዚያው ትተው ብቻቸውን ይወጣሉ፤ በሩን ከኋላቸው ዘግተው ፊታቸውን ወደ መኪና ማቆሚያው መልሰው ይቀመጣሉ። ውስጥ የቀረው ሰው፣ የፈለገው በአማርኛ፣ የፈለገው በዕብራይስጥ፣ የልቡን ለፈጣሪው ይነግራል። ይህን «የቄስ መውጫ» ይሉታል። እንግዶች ቄሱ ሰው የሚጠብቁ ይመስላቸዋል። ወጣቶቹም ምክንያቱን ሲጠየቁ «ንጹሕ አየር ፈልገው ነው» ይላሉ፤ በመጽሐፍ የተጻፈ ነገር ስላልሆነ አይፈረድባቸውም። ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩ ከአየር ጋር እንደማይገናኝ፣ ይልቁንም አንድ ደግ ሰው ካጠፉት ጥፋት እንደመጣ ይናገራሉ።

እንደሚነገረው፣ ግራር ውሃ ከጎንደር በስተሰሜን ከወንዝ ዳር የነበረች የሸክላ ሠሪዎችና የአንጥረኞች መንደር ስትሆን፣ ቄስ ውቤ የሚባሉ ካህን ነበሩባት። ኦሪትን በቃላቸው የሚያወርዱ፣ ከዚያም በላይ በማስታረቅ የታወቁ ሰው ነበሩ፤ ተጣልቶ ያደረ ሰው ካለ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር ይባላል። የተጣላ ሲያጡ ያኮረፈ ፍለጋ ይወጡ ነበር የሚሉም አሉ።

በዚያች መንደር፣ እንደ ሕጉ፣ ሴት በወር አበባዋና በአራስነቷ ጊዜ ከመንደሩ ዳር ባለች፣ ዙሪያዋ በድንጋይ በተከበበች ጎጆ ትቀመጣለች። ቤተሰቧ ምግብና እሳት ከድንጋዩ ላይ ያኖርላታል እንጂ ማንም ድንጋዩን አያልፍም። ትርንጎ የተባለች ሸክላ ሠሪ በዚህች ጎጆ ሴት ልጅ የወለደችው በክረምት ነበር፤ እሳት የማድረሱ ሥራም የባሏ እህት የዝማም ነበር። ዝማም ግን አንድ ቀን እንስራዎቿን ተሸክማ ገበያ ወጣች፤ ገበያውም ደራላትና እዚያው አመሸች፤ ስትመለስ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አላት። በጎጆዋ ውስጥ የነበረው ፍም ጠፋ። ሕፃኗም በብርዱ ሞተች። ዝማም «ውሃው ነው የከለከለኝ» አለች እንጂ ስለ ገበያው አላነሣችም፤ ትርንጎም አልጠየቀቻትም። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲያ ከአንድ ጉድጓድ አፈር እየቆፈሩ፣ «እንዴት አደርሽ» እየተባባሉ ኖሩ።

ሆኖም ትርንጎ የወር ጊዜዋ ደርሶ ወደ ጎጆዋ በገባች ቁጥር፣ ጸሎት ቤት መግባት ስለማይፈቀድላት፣ ልጇ በሞተችበት በዚያው ቦታ ተቀምጣ ድምፅዋን አውጥታ ከፈጣሪዋ ጋር ትነጋገር ነበር። ግዕዝ አታውቅም፤ ከጎረቤት ጋር እንደሚወራው ነበር የምታወራው። አንድ ማለዳ ቄስ ውቤ ለመታጠብ ወደ ወንዝ ሲወርዱ በዚያ በኩል አለፉና ድምፅ ሰምተው ቆሙ።

«ጌታዬ፣ ይኸው ደግሞ መጣሁብህ» ትላለች ትርንጎ። «መቼም ሳልሰለችህ አልቀረሁም። ዝማም ነገ ሸክላዋን እሳት ልታስገባ ነው። ይሰንጠቅባት። ሁሉም ይሰንጠቅባት፤ አንድ ድስት እንኳ አይትረፍላት።»

ከዚያ ዝም አለች። ቄስ ውቤ ጸሎቱ ያለቀ መሰላቸው። እንደ እሳቸው አስተሳሰብ የሰሙት አቤቱታ ነበር፤ አቤቱታ ደግሞ ውሳኔ ይፈልጋል፤ ውሳኔውን እዚሁ መንደር ውስጥ ማግኘት ከተቻለ ነገሩን ሰማይ ድረስ ማድረስ ምን አስፈለገ? መታጠቡን ትተው በቀጥታ ወደ ዝማም ቤት ሄዱ።

«ልጄ ዝማም፣ ስለዚያች ሕፃን ትርንጎ እግር ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂያት» አሏት። «ነገሩ ከፍቷል። ሸክላሽ እንዲሰነጠቅ እስከ መለመን ደርሳለች።»

«የኔ ሸክላ?» ብላ ሳቀች ዝማም። «ኧረ አባቴ፣ እሷ መች የራሷን ሳይሰነጠቅ አውጥታ ታውቃለችና!»

«አትቀልጂ። ሂጂ ነው የምልሽ።»

«እሺ፣ ሸክላዬን ላውጣና እሄዳለሁ።»

እውነትም ሳትሄድ አትቀርም ነበር የሚሉ አሉ። በማግሥቱ ግን ንፋስ ተነሣ፤ እሳቱ በአንድ ወገን ብቻ ነደደ፤ ከዝማም ሸክላ ደህና ሆኖ የወጣ አልተገኘም። ዝማም ስባሪ ገል እንደያዘች ትርንጎ ወዳለችበት ጎጆ ሮጣ ከድንጋዩ አጠገብ ቆመች።

«በላሽኝ! በዓይንሽ በላሽኝ! ቡዳ!»

መንደሩ ሁሉ ሰማ። ይህ ቃል ሌላው ሰው ገበያ ላይ በሸክላ ሠሪና በአንጥረኛ ላይ፣ ማለትም በእነሱ በሁሉም ላይ፣ የሚወረውረው ስድብ ነበር። ከገበያ ሲመለሱ በወንዙ ታጥበው ማዶ ጥለውት የሚገቡት ቃል ነው። በግራር ውሃ ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ሲለው ያን ቀን የመጀመሪያው እንደነበር ይነገራል።

ቄስ ውቤ እያለከለኩ ደረሱ።

«ትርንጎ ልጄ፣ እኔ ላስታርቃችሁ ብዬ ነው። ስትለምኚ ሰምቼ…»

«ምኑን ነው የሰሙት፣ አባቴ?»

«ሸክላዋ ይሰንጠቅ ስትዪ።»

«እሱንስ ብያለሁ» አለች ትርንጎ። «መጀመሪያ ጊዜ ‹ዝማም ትሙት› ነበር የምለው። ብዙ ወር አልኩት። አንድ ቀን ቃሉ ካፌ አልወጣ አለኝ፤ ‹እሺ፣ ትታመም› አልኩ። እሱም አስቀየመኝና ‹እግሯ ይሰበር› ወደ ማለት መጣሁ። ከእግሯ ወደ ሸክላዋ ወረድኩ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ደግሞ ‹ሁሉም ከሚሰነጠቅ ግማሹ ይበቃታል› ብዬ ነበር።»

ቄሱ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ፈጣሪዬ ዝም ብሎ ሲሰማኝ እኔ ራሴን እሰማ ነበር» አለች። «ሊያልቅልኝ ትንሽ ነበር የቀረው፣ አባቴ።»

ዝማም ገሉን ጣለች። እዚያው ከድንጋዩ ወዲህ ተንበርክካ ስለ ገበያው ተናገረች፤ ይቅርታም ጠየቀች። ትርንጎ «ይቅር ይበልሽ» አለች፤ ሽማግሌዎችም መረቁ። እርቁ በሥርዓቱ ተፈጸመ፤ ቄስ ውቤ ካስታረቁት ሁሉ የዚህን ያህል ያዘኑበት የለም ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጎጆዋ የትርንጎ ድምፅ አልተሰማምና። ጸሎት ቤት ትመጣለች፤ ከሌላው ጋር «አሜን» ትላለች፤ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

በየዓመቱ በስግድ በዓል፣ ሕዝቡ ጾሙን ይዞ ተራራ ላይ ጸልዮ ሲወርድ፣ ቄሱ ቀስ ብለው ይጠጓትና ይጠይቋት ነበር አሉ።

«ልጄ፣ ያን ጸሎት ቀጠልሽው?»

«የት ላይ እንዳቆምኩ ጠፋኝ፣ አባቴ።»

በአክብሮት ነበር የምትመልስላቸው፤ እስክትሞትም መልሷ አልተለወጠም።

ቄስ ውቤ ግዕዙን ካደረሱ በኋላ ከጸሎት ቤቱ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው መቆም የጀመሩት በዚያ ዘመን ነው። ሰው መጀመሪያ ያመማቸው መስሎት ተጨንቆ ነበር። ሲጠይቋቸው «ግዕዙ የጋራችን ነው፤ እሱን እመራችኋለሁ። የቀረውን ከሰማሁ ግን አላርፍም፤ እኔ ራሴን አውቀዋለሁ» አሉ ይባላል። ከእሳቸው በኋላ የተሾሙትም ምክንያቱን የሚያውቁትም የማያውቁትም እንደዚያው አደረጉ፤ ሕዝቡ አገር ለቆ ሲሄድም ልማዱ አብሮ ሄደ። ግራር ውሃን ዛሬ ሌሎች ያርሷታል።

በዚያች ትንሽ ከተማ የአሁኑ ቄስ የሚቀመጡባት አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አለች። ምሳ ሰዓት ቢያልፍም አይቸኩሉም። ሰዉ አንድ በአንድ ወጥቶ ሲያልቅ አንዳንድ ጊዜ አንዲት ሴት ውስጥ ትቀራለች፤ ድምፅዋም በመስኮቱ በኩል መሰማት ይጀምራል። ያኔ ቄሱ ይነሡና ወንበሯን ትንሽ ራቅ ያደርጓታል።