አያ ጉሬዛ ለብርቄ መቀመጫ የገዛ ዕለት

«ተረቴ መጣች!»

«በሩን ክፈቱላት!»

«የት ትቀመጥ?»

«መሀላችን!»

እንዲህ ነው እንጂ! ደግሞ ጮክ በሉ፤ ምሳ አልበላችሁም እንዴ? አንተ ጥግ ያለኸው፣ ወንድምህን መቆንጠጥ ተው። ጨረስኩ ሳልል የሚነሳ ካለ ወዮለት።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ገና መኪና መንዳት በጀመሩ ሰሞን፣ በአንድ የደጋ ጫካ ውስጥ አያ ጉሬዛና እመት ጉሬዛ የሚባሉ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ጉሬዛ ታውቃላችሁ አይደል? ያ ጥቁሩ፣ ጀርባው ላይ ነጭ ጋቢ ጣል ያደረገ የሚመስለው፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘለው። እነዚህ ባልና ሚስት አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ስሟ ብርቄ ነው፤ አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ከእሷ በፊት የተወለዱት ሁለቱ አልደረሱላቸውም። ስለዚህ ብርቄ እውነትም ብርቅ ነበረች፤ ስታስነጥስ ጫካው በሙሉ «ይማርሽ!» ይላታል።

አያ ጉሬዛ ታዲያ አንድ አመል ነበረበት። ለልጁ የሚገዛው ነገር ሁሉ ትልቅ ነው። ጫማ ሲገዛ እግሯ ውስጡ ይጠፋል። ሹራብ ሲገዛ እጅጌው መሬት ይጠርጋል። ኮፍያ ሲገዛ እስከ አፍንጫዋ ይደርሳል። እመት ጉሬዛ «ኧረ በስመ አብ! ይሄ ለማን ነው?» ስትለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ምን ችግር አለው? ታድግበታለች!» ይላል። ምን ያስቃችኋል? የእናንተም አባቶች እንደዚሁ ናቸው። ያንተን ሱሪ ከታች ማን አጠፈው?

አንድ ቀን ከቆላ መልእክት መጣ። የብርቄ አያት «ዓይኔ ሳይደክም የልጅ ልጄን አምጡልኝ፤ ልያት» ብለው ላኩ። መንገዱ ደግሞ ቁልቁለት ነው፤ ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ ወገኑ ገደል ነው። አያ ጉሬዛ መኪናውን አጠበ፣ ጎማውን አስነፋ፣ ከዚያ «ነገ ጠዋት እንወርዳለን» አለ።

«ብርቄ የት ትቀመጣለች?» አለ አንድ ድምፅ።

ዞር ሲሉ የመኪናው ቀበቶ ነው። ቀበቶ ብዙ አይናገርም፤ አንዴ ከጀመረ ግን ይጨቀጭቃል።

«የት ትቀመጣለች ይለኛል እንዴ?» አለች እመት ጉሬዛ። «እቅፌ ውስጥ ነዋ! ከዝግባ ወደ ዋንዛ ስዘል ልጄን ጥያት አላውቅም።»

«እጅሽን አልጠረጠርኩም፣ እመት ጉሬዛ» አለ ቀበቶ። «ዛፍ ላይ የምትዘዪው አንቺ ነሽ፤ መቼ እንደምትዘዪ ታውቂያለሽ። መኪና ግን ሲቆም ማንንም አያስፈቅድም። ካላመንሽኝ መጀመሪያ ሌላ ነገር ታቅፈሽ ሞክሪው።»

ደጅ ላይ ለአያትየው ስጦታ የተዘጋጀ ዱባ ተቀምጦ ነበር። ይህን ሲሰማ ዘሎ ተነሳ።

«እኔን! እኔን ታቀፊኝ!» አለ ዱባ። ዕድሜ ልኩን መኪና መሳፈር ሲመኝ የኖረ ዱባ ነው። ክብደቱም የብርቄን ያህላል።

እመት ጉሬዛ ከፊት ገብታ ቀበቶዋን አሰረች፤ ዱባውንም በሁለት እጇ ጥፍንግ አድርጋ ያዘችው። አያ ጉሬዛ ሜዳው ላይ ትንሽ ነዳና ፍሬኑን ድንገት ረገጠው። እሷን ቀበቶው ያዛት። ዱባውን ማን ይያዘው? ከእቅፏ ተፈናጥሮ ወጣ፣ ከፊት ለፊቱ መስታወት ጋር ተላተመ፣ «ወይኔ አናቴን!» አለና ለሁለት ተከፈለ።

እመት ጉሬዛ ባዶ እጇን አየች። «ልጄ ብትሆን ኖሮስ?» አለችና እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዱባው ራሱ ነው ያባበላት። «ተይ እንጂ፣ አታልቅሺ፤ እኔ እንደሆንኩ ዞሮ ዞሮ ወጥ ነኝ» አላት። እውነቱን ነው፤ ማታ ወጥ ሆነ፤ ጣፋጭም ነበር ይባላል።

በዚያው ቀን ሦስቱም ለብርቄ የመኪና መቀመጫ ሊገዙ ተያይዘው በእግራቸው ገበያ ሄዱ። የልጅ መቀመጫ የምትሸጠው እመት ጃርት ነበረች። አዎ፣ ጃርት! የተቀመጠችበትን ሁሉ በእሾኋ ወንፊት የምታደርገው ጃርት መቀመጫ ትሸጣለች። እኔ ምን ላድርግ? ተረቱ እንዲህ ነው። እሷ በር ላይ ቆማ ደንበኛ ትጠራለች፤ ውስጥ ያሉት መቀመጫዎች ራሳቸውን ያሻሽጣሉ።

የመጀመሪያው ቀይ ከፋይ የለበሰ፣ ዳር ዳሩን ዘርፍ ያንጠለጠለ ነበር።

«ንኩኝ! እስቲ ንኩኝ! እንደኔ የሚለሰልስ ካገኛችሁ ተመልሳችሁ ስደቡኝ» አለ።

እመት ጉሬዛ ነካችው፤ እጇ እስከ ክርኗ ሰመጠ። ብርቄ ስትቀመጥበት ደግሞ ጆሮዋ ብቻ ቀረ። ጎትተው አወጧት።

ሁለተኛው ሰፊ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ መደገፊያ የሚባል ነገር የለውም።

«እኔ የትልልቆቹ ነኝ» አለ ድምፁን አወፍሮ። «እኔን የገዛ ሌላ አይገዛም። ትምህርቷን እስክትጨርስ አለሁላት።»

አያ ጉሬዛ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ።

ሦስተኛው ግራጫ ነው፤ ለዓይን አይስብም። ከፍ ያለ መደገፊያ አለው፤ ግራና ቀኙ ለጭንቅላት ከለላ አለው፤ ትከሻው ጋ ደግሞ ቀበቶ የሚያልፍበት መንገድ ተበጅቶለታል። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ጠያቂ ነው፤ አያሳርፍም።

«ክብደቷ ስንት ነው? ቁመቷስ? መኪናችሁ የትከሻ ቀበቶ አለው ወይስ የወገብ ብቻ? የምትቀመጠው ከኋላ ነው አይደል? እስቲ ብርቄ፣ ነይ ቁጭ በይ፤ ጉልበትሽ የት ጋ እንደሚታጠፍ ልየው።»

«ምን አገባህ?» አለው አያ ጉሬዛ። «ዕቃ ልገዛ ነው የመጣሁት ወይስ ቃል ልሰጥ?» ከዚያ ሰፊውን አነሳና ብብቱ ስር ሸጎጠው። «ይሄ ነው! ታድግበታለች!»

«ካልሆናት መልሱት፤ ከሰው ጋር መጣላት አልወድም» አለች እመት ጃርት። ጃርት ናትና ማንም ከእሷ ጋር አይጣላም።

ቤት ሲደርሱ መቀመጫውን መኪናው ውስጥ ከኋላ አደረጉትና ብርቄን ላዩ ላይ አስቀመጧት። እግሯ እንደ ዱላ ወደ ፊት ተገተረ። ለመደገፍ ብላ ስትንፏቀቅ ወደ ጎን ተንሸራተተች። አያ ጉሬዛ ቀበቶውን ስቦ አሰራት።

«አባዬ፣ አንገቴን!» አለች ብርቄ።

«ቀላል ነው» አለና ቀበቶውን በብብቷ ስር አሳለፈው። ቀበቶው እጁን አስለቅቆ ሹልክ ብሎ ተመለሰ። እንደገና ሳበና በጀርባዋ በኩል አደረገው። ሹልክ ብሎ ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ በሁለት እጁ ሲስበው ቀበቶው ጭራሽ ግግም አለ፤ አንድ ጣት አልንቀሳቀስም አለ።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«አልታሰርም» አለ ቀበቶ።

«ሥራህ መታሰር አይደለም እንዴ?»

«ሥራዬ ልጅ መያዝ ነው። የምይዘው ደግሞ ጠንካራ አጥንት ላይ ነው፤ ትከሻዋ ላይና ዳሌዋ ላይ። አንገቷ ላይ ካደረግከኝ አንቃታለሁ። በብብቷ ስር ካሳለፍከኝ ጎድኗን እሰብራለሁ። በጀርባዋ ካደረግከኝ እንደሌለሁ ቁጠረኝ። አያ ጉሬዛ፣ በእኔ ልጅህን አታስጎዳ።»

«ታድግበታለች አልኩህ እኮ!»

«መቼ?»

«እኔ ምን አውቄ! ጥቂት ዓመት ቢፈጅባት ነው።»

«ቁልቁለቱን የምንወርደውስ መቼ ነው?»

«ነገ» አለ አያ ጉሬዛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? አልተቆጣም። የመኪናው በር ላይ ቁጭ አለና እግሩን ወደ ውጭ አንጠለጠለ። እመት ጉሬዛ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሁለቱን ታስታውሻለሽ» አላት፣ ፊቷን ሳያይ። «ልብሳቸውን በልካቸው ነበር ያሰፋነው። ቆንጆ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሳይለበስ አዲስ እንደሆነ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በልኳ መግዛት ያስፈራኛል። ትልቅ ትልቁን ስገዛላት የምትደርስልኝ ይመስለኛል።»

እመት ጉሬዛ ይህን ሁሉ ዓመት በጫማው ስትስቅበት ኖራለች። አሁን ግን እጁን ያዘችው። ብርቄ ከኋላ ሰፊው መቀመጫ ላይ ሸርተቴ ትጫወታለች፤ ምን እንደተባለ አልሰማችም።

ያ ነዝናዛ ቀበቶ እንኳ ለስለስ አለ።

«አያ ጉሬዛ» አለው፣ «ጫማውን እንደፈለግክ አስበልጥ፤ ሁለተኛ አልናገርህም። ሹራቡም መሬት ይጥረግ። እዚህ መኪና ውስጥ ግን በልኳ ያዛት። ነገ ትልቅ እንድትሆንልህ፣ ዛሬ ትንሽ መሆኗን ተቀበል።»

አያ ጉሬዛ አፍንጫውን ጠራረገና ተነሳ። ሰፊውን መቀመጫ ተሸክሞ፣ ብርቄን በእጁ ይዞ ገበያ ተመለሰ። በቀጥታ ግራጫው ፊት ሄዶ ቆመ።

«በል ጠይቀኝ» አለው።

ግራጫው መቀመጫ ደስታውን አልቻለም። ክብደቷን ጠየቀ፤ አያ ጉሬዛ መለሰ። ቁመቷን ጠየቀ፤ መለሰ። የቀበቶውን ዓይነት ጠየቀ፤ «ነዝናዛ ዓይነት ነው፤ የትከሻም የወገብም አለው» ብሎ መለሰ። ከዚያ ብርቄ ቁጭ አለች። ጀርባዋ መደገፊያው ላይ ልክክ አለ። ጉልበቷ መቀመጫው ጫፍ ላይ ታጠፈ። ቤት ሲመለሱ ቀበቶውን መቀመጫው ላይ በተበጀለት መንገድ አሳለፉት፤ ከላይ ትከሻዋ መሀል ላይ፣ ከታች ከሆዷ ዝቅ ብሎ ዳሌዋ ላይ አረፈ። አልጎተቱትም፣ አልተከራከሩትም፤ «ቀጭ!» ብሎ ገባ።

«አባዬ፣ አንገቴን አይነካም» አለች ብርቄ።

በማግስቱ ጠዋት ወረዱ። ፀሐይ ነበረች፤ መንገዱም ጭር ያለ ነበር። ብርቄ በመስኮት ገደሉን እያየች ትዘፍናለች፤ ዘፈኑን ራሷ ያወጣችው ነው፣ ዜማ የለውም። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ ግን እመት ከርከሮ ጭራዋን ቀስራ፣ ልጆቿን አስከትላ መንገዱ መሀል ገባች። ግራ ቀኝ ማየት የለ! አያ ጉሬዛ ፍሬኑን ባለ በሌለ ጉልበቱ ረገጠው። ጎማው ጮኸ። በዱባው ፈንታ ለአያትየው የጫኑት የሽንኩርት ቅርጫት ተገለበጠ፣ ሽንኩርቱ ተበተነ፣ ያልታሰረ ነገር ሁሉ ወደ ፊት በረረ። መኪናው ቆመ።

ከኋላ የብርቄ ዘፈን ተቋረጠ።

«ብርቄ?» አለ አያ ጉሬዛ። ዞሮ ማየት ፈራ። «ብርቄ!»

«አባዬ፣ ድገመው!» አለች ብርቄ።

እመት ከርከሮ ይቅርታ እንኳ ሳትል ልጆቿን ይዛ አለፈች፤ እንደሷ ዓይነት ስንት አለ መሰላችሁ። አያ ጉሬዛ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ። የኋላውን በር ከፈተና ልጁን አያት፤ እዚያው ባስቀመጣት ቦታ፣ እንዳስቀመጣት አለች። ትከሻዋን ዳሰሰ፣ ጉልበቷን ዳሰሰ፣ ጉንጯን ሳመ። እንባው ጢሙ ላይ ይወርድ ነበር፤ አላፈረበትም። «ተመስገን» አለ። ከኋላ ወዲያ ወዲህ ሳይል የተቀመጠው ግራጫ መቀመጫ «ሌላ ጥያቄ ነበረኝ» ሊል ፈለገና ተወው።

ቆላ ሲደርሱ አያትየው በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ብርቄን ተቀብለው አቀፏት፣ አገላብጠው ሳሟት፣ ከዚያ ራቅ አድርገው አዩዋት።

«ውይ የኔ ልጅ!» አሉ። «ምነው ይህችን ታክል? እኔ እኮ ትልቅ ሆናለች ብዬ ነበር።»

እመት ጉሬዛ ወደ ባሏ ዞረች፤ የተለመደውን ሊናገር ነው ብላ ጠበቀች። አያ ጉሬዛ ግን ልጁን ከእግር እስከ ራሷ ቀስ ብሎ አያትና ፈገግ አለ።

«አዎ እማዬ» አለ። «ትንሽ ናት።»

እኔም ጨረስኩ። የተኛ ካለ ቀስቅሱት፤ ይሄን ሳይሰማ አይሄድም። ልጅ የሚያድገው ነገ ነው፤ የሚጠበቀው ግን ዛሬ ባለው ቁመቱ ነው።