ደጃዝማቹን ያገኘው ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ከአንድ ጥማድ በሬና ከአንዲት ሴት ልጅ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም። አዎ ልጄ፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ «ከደጃዝማች ዘር ነህ አሉኝ፣ ሥራዬን ትቼ ሐረጌን ላስቆጥር ወይ?» አልከኝ። ቄስ ነህ ብሎ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው መብዛቱ! እኔም እኮ ደከመኝ። ይሁን፣ ስማኝ።

ይህን ገበሬ አንድ ቀን ቀብር ላይ አንዲት ባልቴት «ያንተ ዘር ከደጃዝማች ውብነህ ይወርዳል መሰለኝ» አሉት። መሰለኝ ነው ያሉት። እሱ መሰለኝን እዚያው ትቶ ደጃዝማቹን ብቻ ይዞ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲያ እረፍት የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከደብር ደብር፣ ከሽማግሌ ሽማግሌ ተንከራተተ። ማሳውን አረም ዋጠው። አንጓች የምትባለው ልጁ ብቻዋን አረመች፣ ብቻዋን አጨደች፤ አንድም ቀን አላማረረችም። እሱ አባት ከአባት ሲያያይዝ ከርሞ አያቱ ላይ ሲደርስ አልገጥም አለው። አያቱ የሸማኔ ልጅ እንደነበሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጊዜው ደግሞ ሰው ሸማኔን የሚንቅበት ነበር። ታዲያ ምን አደረገ? ሸማኔውን አውጥቶ በቦታው የደጃዝማቹን የልጅ ልጅ አስገባ። ማን ይጠይቀኛል ብሎ ነው። ሆዱ ግን ያውቃል።

ለአንጓች ባል መጣ። ደህና ልጅ ነው፣ ትወደዋለች። ጠላው ተጠንስሶ፣ በአገሩ ደንብ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ዘር ሊቆጥሩ ተቀመጡ፤ እስከ ሰባት ቤት የተዛመደ አይጋባምና። ገበሬው ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ ብድግ ብሎ ጋቢውን አጣፋና መቁጠር ጀመረ። ድምፁ እየሞቀ ሄዶ «አምስተኛው ደጃዝማች ውብነህ!» ብሎ ተቀመጠ።

እሰይ የሚለው ጠፋ። የሙሽራው አጎት አንገታቸውን ደፍተው «የኛም አምስተኛ እሳቸው ናቸው» አሉ።

ወይ ጉድ! ልጆቹ ዘመዳሞች ሆነው አረፉት።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ደግ ሰው ነበሩ። «ወንድሜ፣ እኛ ስንሰማ የኖርነው አያትህ የሸማኔ ልጅ መሆናቸውን ነው። ተሳስተህ እንደሆነ አሁኑኑ ተናገር። ሰርጉም ይደረጋል፣ እኛም አንታዘብህም» አሉት።

ገበሬው ዞር ብሎ ልጁን አየ። የጓዳው በር ላይ ቆማ አፉን አፉን ታያለች። ተሳስቻለሁ ማለት አንዲት ቃል ናት፤ እሷን ብቻ ቢላት ልጁ ትዳር ትይዛለች። የሦስት ዓመት ልፋቱ ታወሰው። ሸማኔውን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መጥራት አፈረ። አይ የሰው ነገር!

«አልተሳሳትኩም» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተነስተው ሄዱ፤ ጠላውም ሆምጥጦ ተደፋ። አንጓች አላለቀሰችም። በማግስቱ ልብሷን ቋጥራ ወደ አክስቷ አገር ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለችና «አባዬ፣ እንግዲህ ደጃዝማቹ ይጡሩህ» አለችው። ከዚያ በኋላ ደጁን አልረገጠችም።

ያ ሰው ብቻውን አረጀ፣ ብቻውን ታመመ። ሲሞት የገነዙት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ከደጃዝማቹ ወገን ነኝ ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም።

አየህ ልጄ፣ ያ ገበሬ አንተን ይመስላል። ዘርህን አትወቅ አልልህም፤ ብታውቀው ምን ክፋት አለው። ግን ከመጣህ ጀምሮ ሰባት ሙታን ከነማዕረጋቸው ቆጠርክልኝ። ሦስት ልጆች አሉህ፤ ሦስቱንም ያጠመቅኳቸው እኔ ነኝ። የአንዳቸውን ስም እንኳ አልጠራህም።