ከሁሉ ደምቆ የበራው ጥግ

አንድ ደርበው የሚባል ሰው ነበር። ከሚስቱ ከየዝና ጋር፣ ጥቂት አባወራዎች አንድ አጥር ተጋርተው በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ይኖራል። የግቢው ሰዎች ገናን የሚያሳልፉት አብረው ነው። በዓሉ ሲቃረብ መሃል ሜዳው ላይ ዳስ ይጥላሉ፤ ጣሪያውንም ግድግዳውንም በባሕር ዛፍ ቅጠል ያለብሱታል፤ የገና ዕለት ሁሉም ከቤቱ ያለውን ይዞ እዚያው ይሰባሰባል።

በዚያ ዓመት ዳሱን በመብራት እናስጊጠው የሚል ሐሳብ ተነሣ። ጎረቤቱ ገረመው፣ "ተሠርቶ ያለቀለት አለ። ገዝተን መስቀል ብቻ ነው" አለ።

"እኔ እያለሁ?" አለ ደርበው። "አምፖሉም ሽቦውም ለየብቻ ታሽጎ ይሸጣል። ገጣጥሜ አበራላችኋለሁ።"

ማንም አልተከራከረውም። ደርበው የብዙውን ሰው ሬዲዮና ምድጃ ጠግኗል። የግቢው ሰው ያምነዋል፤ እሱም መታመኑን ይወደዋል።

ካርቶኑን ሲከፍተው ግን ነገሩ እንዳሰበው አልሆነም። ኤልኢዲ አምፖሎቹ ሽምብራ የሚያክሉ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ረጅምና አንድ አጭር እግር አላቸው። የአንዷ እግር ተገልብጦ ከተበየደ የእሷ መስመር በሙሉ አይበራም። ደርበው የጋለ ብረቱን ይዞ ሲበይድ ሰነበተ። ሲሰካው ጨለማ። ፈልጎ ፈልጎ የተገለበጠችውን አግኝቶ ሲያስተካክል ደግሞ ሌላው መስመር ጨለማ። በደጁ ያለፈ ሁሉ "እህ፣ በራ?" ይለዋል። መጀመሪያ ፈገግ ብሎ "ይበራል" ይል ነበር። ኋላ ላይ በሩን ዘግቶ መሥራት ጀመረ።

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ አንዱ መስመር ብቻ ቀረው። እሱም በዳሱ ጥግ የሚሰቀለው ነው፤ ብልጭ ይልና ይጠፋል። ደርበው በቴስተር እያንዳንዱን አምፖል ፈተሸ፤ ጥፋቱን ሊያገኘው አልቻለም። ውጭ ወንበር ሲደረደር፣ ልጆች ሲሯሯጡ ይሰማዋል።

በየመስመሩ መነሻ ላይ፣ ወደ አምፖሎቹ የሚሄደውን ኃይል የምትመጥን አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች። በካርቶኑ ውስጥ የመጣው መመሪያ ሽቦው ግሎ እንዳይቃጠል ያለ እሷ እንዳይገናኝ አጥብቆ ያስጠነቅቃል፤ ደርበውም ይህን አንብቧል። ቢሆንም ያቺን ዕቃ ዘለላትና ሽቦውን ከሽቦው ጋር በቀጥታ ቋጠረው። ቋጠሮው እንዳይታይ በጥቁር ናስትሮ ደጋግሞ ጠቀለለው።

መስመሩ በራ። እንዲያውም ከሌሎቹ ሁሉ ደምቆ በራ።

"ለዛሬ ብቻ ነው" አለ ለራሱ። "ነገ አስተካክለዋለሁ።"

ጀንበር ስታዘቀዝቅ መብራቱ ተሰቀለ። ሲሰካ ሴቶቹ እልል አሉ። ገረመው ራሱ መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና፣ "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ያ ጥጉ በተለይ እንዴት ያምራል!" አለው። የገባው ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያው ጥግ ላይ ነው። ጥጉ በተመሰገነ ቁጥር ደርበው ወሬ ይለውጣል።

በመጨረሻ እማማ ትርፌ መጡ። የግቢው ትልቅ ሰው ናቸው፤ እግራቸው አልታዘዝ ስላላቸው ያለ ደጋፊ አይንቀሳቀሱም። ሰዎቹ አክብረው ወስደው ያስቀመጧቸው ከደመቀው ጥግ ሥር ነው። በናስትሮ የተጠቀለለው ቋጠሮ ከራሳቸው በላይ፣ የደረቀው ቅጠል መሃል ተሸጉጧል።

ደርበው ሄዶ አጠገባቸው ጎንበስ አለ። "እማማ፣ ወደዚያ ብናዞርዎት ይሻላል። እዚህ ነፋስ ይገባል።"

"ነፋሱስ አልተሰማኝም፣ ልጄ" አሉት። "ዓይኔ ደክሟል። የሰው ፊት ለይቼ የማየው እዚህ ስሆን ነው።"

"ወንበሩም አይመችም።"

"ተመችቶኛል። ይልቅ አንተ ሂድና ብላ። ስትለፋ ነው የሰነበትከው።"

ተመልሶ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። የዝና አጎረሰችው፤ ጉርሻው አልዋጥ ብሎት አፉ ውስጥ ዞረ።

"ምን ሆነሃል?" አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ምንም።"

"ፊትህ ላብ በላብ ነው እኮ።"

"ሞቆኝ ነው።"

የታኅሣሥ ምሽት ነው፤ የተቀረው ሰው ጋቢውን ደርቧል።

ደርበው ዓይኑን ከጥጉ መንቀል አልቻለም። አንዴ የፕላስቲክ ሽታ የሸተተው ይመስለዋል፤ መልሶ ደግሞ የወጡ ሽታ ነው ብሎ ራሱን ያጽናናል። ተነሥቶ ቢነቅለውስ? ምን ይላሉ? "እኔ እያለሁ" ያለው ሰው፣ በሩን ዘግቶ የከረመው ሰው። በየበዓሉ የሚጠፋው መብራት ዛሬ ምነው በጠፋ እያለ በልቡ ጸለየ። መብራቱ ግን አልጠፋም።

ከዚያ ልጆቹ በልተው ተነሡ። እማማ ትርፌ ተረት እንዲያወሩላቸው ዙሪያቸውን ከበው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንዷም ጉልበታቸው ላይ ወጣች። ደርበው ከዳሱ በር እስከ ጥጉ ያለውን ሰው፣ ወንበርና ጠረጴዛ ተመለከተ። እሳት ቢነሣ እሳቸውን ተሸክሞ በዚያ መሃል ማን ያልፋል?

ብድግ አለ። ማንንም ሳያይ ወደ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ሄደና ሶኬቱን ነቀለው።

ዳሱ ጨለመ። ልጆቹ አጉረመረሙ፤ አንድ ሰው "መብራት ሄደ" አለ።

"አልሄደም" አለ ደርበው። "እኔ ነኝ የነቀልኩት። ጥጉ ላይ ያለው መስመር አልሠራ ሲለኝ፣ ኃይሉን የምትመጥነውን ዕቃ አውጥቼ በቀጥታ አገናኝቼዋለሁ። ከሌሎቹ የደመቀውም ለዚህ ነው። ሊቃጠል ይችላል።"

ገረመው የስልኩን መብራት አብርቶ አግዳሚው ላይ ወጣና ቅጠሉን ገለጥ አደረገ። ናስትሮውን ሲነካው እጁን ቶሎ ሰበሰበ። ናስትሮው ቀልጦ ተጣብቋል፤ የተጠጋውም ቅጠል ጠቁሯል። ገረመው ቅጠሉን ቀንጥሶ ወረደና ለሁሉም በየተራ አሳየ።

እማማ ትርፌ ቅጠሉን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት። "ቅድም ወደዚያ ይዙሩ ስትለኝ ይህን ታውቅ ነበር?" አሉ።

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ነፋስ ነው አልከኝ?"

"አፍሬ ነው፣ እማማ።"

"ለእኔ ሕይወት ከመፍራት ይልቅ ለስምህ ፈራህ በለኛ።"

ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ለዚያም ነው ደርበውን ከማንኛውም ስድብ የበለጠ ያመመው። አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እሳቸውም እጃቸውን ዘረጉለት። "ቢሆንም በሰዓቱ ነቅለኸዋል። በል ደግፈኝና ወደ ውጭ አውጣኝ።"

የቀረውን ምሽት ሜዳው ላይ፣ በስልክ መብራት ተጫወቱ። በማግስቱ ደርበው በሩን ክፍት አድርጎ ገረመውን ጠራው። አንዱ እየያዘ አንዱ እየፈተሸ ጥፋቱን ብዙም ሳይቆዩ አገኙት፤ በደንብ ያልያዘ አንድ ብየዳ ነበር። ለጥምቀት ዳሱ እንደገና ሲበራ መስመሮቹ ሁሉ እኩል በሩ። የትኛውንም ጥግ ለይቶ ያደነቀ ሰው አልነበረም። ደርበው ግን በዚያ ቀን ጠግቦ በላ።

ወዳጆች፣ አልቻልኩም ማለት ያሳፍራል፤ ሐፍረቱ ግን ተናግረን ስንጨርስ አብሮ ያልቃል። የሸፈንነው ጉድለት ግን ሰው ባመሰገነን ቁጥር እየጋለ ይሄዳል፤ ከሥሩ የሚቀመጡትም አብዛኛውን ጊዜ ምንም የማያውቁ፣ እኛን ያመኑ ሰዎች ናቸው። ጉድለትን ለመናገር ሰው እስኪጎዳ መጠበቅ የለብንም። ሥራችን በትዳርም ይሁን በመሥሪያ ቤት ወይም በልጆች አስተዳደግ፣ "ነገ አስተካክለዋለሁ" ብለን የሸፈንነውን ዛሬውኑ ብንገልጠው፣ አብሮን የሚፈትሽ ሰው አናጣም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰው ሁሉ ከሚያደንቅላችሁ ነገር ውስጥ፣ እናንተን ብቻ እንቅልፍ የሚነሳችሁ የትኛው ነው? ከሥሩስ ማን ተቀምጧል?